በነጠላ

ከዚራ፣ ከጥላው ሥር፣ ባቡር ጣቢያው ፊት፣
ሳጥን ላይ ሳጥን ነው የእኔ ንግድ ቤት።
ማስቲካ፣ ክብሪት፣ ለውዝ በስኒ የሚሰፈር፣
ሲጋራም አለ፣ በነጠላ የሚቸረቸር።
ሙሉ ፓኮ ገዝቶ የሚሄድ ጥቂት ነው፤
ድሃ ሳንባውንም በችርቻሮ ነው የሚሸጠው።
ላይተሬ በሲባጎ ታስሯል ከሳጥኑ፤ ሹፌሩም፣
ኩሊውም፣ መምህሩም፣ ባለከረባቱም፣
ጎንበስ ሳይልለት አላለፈም አንዱም።

ባለፈው ሐሙስ ቀን፣ በድሬ ቀትር ወበቅ፣
አንድ ሰውዬ መጣ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ።
ቀይ ጃንጥላ ሰጠኝ፣ ስም የተጻፈበት፤
«ለፀሐዩ ይሁንሽ፣ እናቴ፣ ተጠለይበት።»
ቀጥሎ ወረቀት፣ ቀጥሎም የጣት ቀለም፦
«ፈርሚልን» አለኝ፣ «ጭማሪው አይጠቅምም።
ኤክሳይዝ ሊቆልሉ ነው አዳራሽ ተቀምጠው፤
ዱላው ያው በድሃ፣ ባንቺ ላይ ነው የሚያርፈው።»

እኔ ያንን አዳራሽ በሩን እንኳ አላውቀው፤
ስሜ ግን ወንበር ይዟል፣ ለካ እዚያ ነው የሚውለው።
«ሂንዲያ ትከስራለች፣ ሂንዲያ ትራባለች»
ሲባል ውሎ ሲባል አድሮ፣ ሂንዲያ ለውዝ ትቆላለች።
ድሃ ጠበቃ የለው ሲባል እየሰማሁ ኖሬ፣
ይኸው ቆመልኝ አሉ፣ ከረባት ያሰረ፣ ዛሬ።

ዓሊዪ ሲታመም ይህ ጠበቃ የት ነበር?
የምድር ባቡር በያጅ፣ ብረትና ብረት ሲያጋባ የሚያድር፣
ሳንባው እንዳሮጌ ባቡር እያፏጨበት፣
ድል ጮራ ሆስፒታል ሌሊቱ ሲረዝምበት፣
ኦክስጅኑ ለሦስት ሰው በተራ ሲታደል፣
እሱ በማግሥቱ «አንድ ብቻ» ብሎ ሲያታልል፣
የመጨረሻዋን ከእኔው ሳጥን አነሣ፤
አልከለከልኩትም። ይህን ማን ይርሳ?
ዋጋዋ ያን ጊዜ፣ ግማሽ ሳምቡሳ።

ቀረጥ አልነበረም ያለው ማነው? ነበረበት፤
ደረሰኝ አልቆረጡም እንጂ፣ ከፍሎታል በደረት።
ይኸው ሳጥን ደግሞ ሦስት ልጅ አብልቷል፤
ያጎረሰን እጅ ማን ደፍሮ ይነክሳል?

ከጤና ቢሮ ደግሞ ሲስተር ውዴነሽ መጣች፤
«ዋጋው ሲወደድ ልጆች ይርቁታል» አለች።
«ይወደድ» አልኳት፣ «ይሁን፤ ግን ብሩ የት ይገባል?
ያ ሲሊንደር ዛሬም ለሦስት ሰው ይታደላል?»
መልስ አልነበራትም። ደብተሯን ዘጋች፤
ቆየችና ቀስ ብላ «እኔም እጠይቃለሁ» አለች።

ሌሊት ሌሊት ደግሞ፣ በጠረፉ በኩል፣
ቀረጥ ያልነካው ካርቶን በግመል ይጫናል።
ደቻቱ ደረቅ ነው፣ አሸዋ፣ ክረምት ካልሆነ፤
የኮንትሮባንዱ ጎርፍ ግን በየትኛው ወር ቦዘነ?
ሰውዬው ይህን ሲያነሣ ዓይኑ ፈገግ ይላል፤
«መስኮት ካለማ» ይላል፣ «በሩስ ለምን ይዘጋል?»
የመስኮቱ ቁልፍ ማን ኪስ እንዳለ፣
አልጠየቅኩትም። እሱም አላለ።

ወረቀቱ ጭኔ ላይ፣ ቀለሙ ጣቴ ጫፍ፤
ሊወስደው ይመለሳል፣ ፀሐይዋ ስታልፍ።

ሮብሌ መጣ ከትምህርት ቤት፣ የሸሚዙ ክሳድ የተቀደደ፤
«አንድ ነጠላ ስንት ነው?»
                «ተወደደ።»
«በስንት?» ነገርኩት። ሳንቲሙን መዳፉ ላይ ገለበጠ፣
ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ፣ ከንፈሩን መጠጠ።
«እሺ፣ ለውዝ» አለኝ።
                የምጠቀልልበት ፈለግሁ፤
ጭኔ ላይ ያለውን ወረቀት አነሣሁ።
«የቸርቻሪዎች ድምፅ» የሚለው በውጭ በኩል ቀረ፤
ሮብሌ ሳያነበው፣ ለውዙን እየቆረጠመ ተሻገረ።

አዋጁ አልወጣም ገና። ያቺን ዋጋ እኔ ነኝ ያወጅኳት፣
ከሳጥኔ ዙፋን ላይ፣ ለአንድ ልጅ፣ ለአንዲት ሰዓት።
ነገ ከማዶው ሱቅ፣ ከሌሊቱ ካርቶን ይገዛ ይሆናል፤ አላውቅም።
ጃንጥላውን ግን አልመለስኩም።
የድሬ ፀሐይ ቀልድ አያውቅም።