ስሙ ሲፈታ

ማናንጃሪ፣ ወንዙ ከውቅያኖሱ ጋር
ሲታገል በሚያድርበት፣ ከዳሩ መንደር፣
እኔ አዋላጅ ነኝ። አርባ ዓመት ሙሉ
በእጄ ነው የመጡት እነዚህ ሁሉ፦
ዓሣ አጥማጁም፣ ቅርንፉድ ለቃሚው፣
የቫኒላ ነጋዴው፣ ታንኳ ቀዛፊው።

ለአንድ ልጅ ከበሮ አለ፤ ዶሮም ይታረዳል።
ሁለት የመጡ ዕለት ቤቱ ጸጥ ይላል።
«ፋዲ ነው» ይላሉ። ፋዲ ማለት እርም፣
የሞተ ለቆመ የሚያወርሰው ሕመም።

ድሮ ነው ይላሉ፤ በጦር፣ በሽሽት ቀን
አንዲት እናት ረሳች ከመንቶቿ አንዱን።
ሊያመጡት የሄዱት ሳይመለሱ ቀሩ፤
ከዚያ ወዲህ መንታ ያሳደገ ይጠፋል ዘሩ።

ስለዚህ በሌሊት፣ በቅርጫት ደብቄ
ሰባት ጊዜ ቀዘፍኩ፣ ትንፋሼን አንቄ።
አሥራ አራት ሕፃናት በሰው ደጅ ጣልኩኝ።
አሥራ ሁለት ልበል። አንዴ ዝናብ ያዘኝ።

ከዚያ ወዲያ እጄን በአመድ ብፈትገው፣
በሎሚ ባሸውም፣ በጨው ባጥበው፣
ወተት ወተት አለ። ምን ሊያስለቅቀው?
ለሙታን አረቄ ቀዳሁ፤ ጠጥተው ዝም አሉኝ።
ጠንቋዩ ዶሮ አለኝ፤ አመጣሁ፤ ኮርማ አለኝ።
ከዚያ ሁሉ ድግስ የወፈረልኝ
ፍርሃቴ ብቻ ነው።

እንደገና ዝናብ። እሑድ ነበር መሰል፤
ከቆርቆሮው ጸሎት ቤት ገባሁ ልጠለል።
ለመጠለል እንጂ ለሌላ አልነበረም፤
እግዜር ሰው ሲጠራ ሰበብን አይንቅም።
ፋራላሂ ነው አንባቢው፤ በአዘቦት ዓሣ ያጠምዳል፤
መነጽሩን በክር አስሮ ፊደሉን ያድናል።
«ዲዲሞስ የሚሉት ቶማስ» አለ፤ ቆመ፤ ሳለው፤
«ስሙ ሲፈታ ደግሞ፣ መንታ ማለት ነው።»

መንታ?
ከጌታ ጋር የዋለ? ከመረቡ ዓሣ የበላ?
«ጣትህን አምጣ» ተብሎ ቁስል የታየው በኋላ?
የማን እናት ደፍራ? የትኛዋ አዋላጅ፣
በየትኛው ጨለማ፣ አልጣለችው ከደጅ?
የተጠራጠረ ዕለት እንኳ «ወዲያ!» አላለውም፤
የተዘጋ በር አልፎ መጣለት እንጂ፣ አልተወውም።

ስሙ ሲፈታ
እኔም ተፈታሁ።
እንዲህ ነው፤ ሌላ ማስረጃ የለኝም።
ዝናቡ አባራ፤ ሰው ሁሉ ወጣ፤
እኔ አልወጣሁም።

በዓመቱ ልጄ ሱአኒሪና አማጠች።
አንዱን ተቀበልኩ። «ገና ነው፣ እማ፣ ገና» አለች።
ባሏ ከበሩ ላይ ቆሞ ይንቀጠቀጣል።
ታንኳው ከደጅ ታስሯል፤
ቅርጫቱም እዚያው ነው፤ መንገዱን ያውቀዋል።

ቅርጫቱን አነደድኩት።
ውኃ አፈላሁበት።
ሁለቱንም አጠብኩበት።

ጎህ ሲቀድ ሽማግሎች መጡ፤ ነጭ ለብሰው፦
«ከአባቶችሽ መቃብር ስምሽን ፋቅነው።
ሞተሽ የት ትገቢያለሽ?»
በእኛ አገር ከዚህ የከፋ ቃል የለም፤
ጉልበቴ ራደ፣ አልዋሽም።
ግን አፌ ቀደመኝ፦
«የጌታዬም መቃብር የሰው ነው፣ የውሰት፤
በሦስተኛው ቀን መልሶታል፣ ባዶውን፣ ለባለቤት።»

ዝም አሉ። ትልቁ ሽማግሌ ምራቁን ዋጠ፤
የመንቶቹን ልቅሶ ሰማ፤ ዘንጉን ጨበጠ፤
ሄደ። ከዚያች ቀን ወዲህ ሰላም አይለኝም።
ዘሬ ግን አልጠፋም።

ዛሬም ዝናብ ሲመታ እጄ ወተት ይላል።
እንዲያስረሳኝ አልለመንኩትም፤ እሱም ይህን ያውቃል።
ለሁለቱ፣ ደጅ ላልደረሱት፣ ስም አወጣሁላቸው፤
ለሰው አልነግርም፤ ለእርሱ ነው የሰጠኋቸው።

ቆይ፤ ተነሡ።
አንዱ ካለቀሰ ሌላው አይቀርም።
ልሂድ።