አበቅቴና መጥቅዕ

የልጄ ልጅ ማኅደር፣ አራት ኪሎ ገብታ ድንጋይ የምትማር፣
«አባባ፣ ተነሥ» አለች፣ «ዛሬስ ከኔ ጋር።»
ረቡዕ ነው፤ የነቢያት ጾም ነው።
ፒያሳ፣ ከሲኒማው ወንበር አስቀምጣ ፈንዲሻ ገዛችልኝ፤
ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም፤ ከረጢቱን ታቅፌ ቆየሁ፣ ጉልበቴን እያሞቀኝ።

ሰውየውን በዝና አውቀዋለሁ፤ ዐውደ ምሕረት ላይ
«ዓለምን ያለ ዕድሜዋ ያስረጃት ከሃዲ» ሲባል፣ እኔም አሜን ባይ።

ዕድሜዋማ በእጄ ነው፤
ሰባት ሺህ አምስት መቶ አሥራ ስምንት።
በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ ጠጠሬን ዘርግቼ፣
በአሥራ ዘጠኝ ገድፌ፣ የቀረውን አንሥቼ፣
ጾሙ መቼ እንደሚገባ ለደብሩ ስናገር
አርባ ዓመቴ፤ ስቼ አላውቅም፣
አንድ ጊዜ በስተቀር።

ሰውየው ከገደል ሥር ቆሞ
በመዶሻው ጫፍ ንብርብሩን ይቆጥራል፤
አሸዋ፣ ጭቃ፣ አመድ፣ ደግሞ አሸዋ… ጽፎ ይደምራል።
ድምሩ ሚሊዮን ሲወጣ ይፈነድቃል ብዬ ነበር።
ወለሉ ላይ ተቀመጠ።
የአባቱ ቅዱስ መጽሐፍ ከራስጌው ተከፍቶ፣
በላጲስ አጥፍቶ፣ ጽፎ፣ እንደገና አጥፍቶ፣
ሻማው እስኪያልቅ። እኔም የቆሎ ተማሪ ቤት መስሎኝ፣ ራሴን ረስቼ
«ግድፈቱን! ግድፈቱን ፈልግ!» አልሁት፣ ከወንበሬ ተነሥቼ።
ሰው ሣቀ። ማኅደር እጄን ያዘች።
ፈንዲሻው እግሬ ሥር ተበተነ።

ቁጥሩ ግን ያው ነበር። ሦስቴ ቢቆጥረውም ያው።

ኋላ ሚስቱ ስትሞት፣ ቄሳቸው የመቃብሩን በር ዘጋበት፤
እዚህ ላይ ተቆጣሁ፤ በማን እንደሆነ ግን እስካሁን አጣሁት።

ወጣን። ዶሮ ማነቂያ በነበረበት፣ የቆርቆሮውን አጥር ይዘን ስንሄድ
ማኅደር በቀዳዳ አሳየችኝ፣ ኤክስካቫተር የቆረጠውን የመሬት ሆድ፦
ላይ ላይ የጡብ ስባሪ፣ ከሥሩ ከሰልና የጠርሙስ አንገት፣ ጥቁር አፈር፤
ከዚያ ወዲያ ቀይ ድንጋይ ብቻ፤ ማንም ያልነካው፣ ዝም ያለ ነገር።

ጡቡን አወቅሁት።
የወይዘሮ አልጋነሽ ግድግዳ ነው፤ ሁለት ክፍል ተከራይቼ
እናቷን የዳርሁበት፣ ከነሙሉ ጎረቤቱ ጠርቼ።
ያ ሁሉ ዕድሜ፣ ያ ሁሉ ጫጫታ፣ ሦስት ጣት ወፈረ።
ሦስት ጣት!
ቀዩንም ልለካ እጄ ወደ ቀዳዳው ሄዶ ነበረ።
መለስሁት።

«እና አባባ፣ ማነው ልክ?»
ዘንድሮ አበቅቴ አሥራ ሁለት ነው፣ መጥቅዕ አሥራ ስምንት፤
አንዱ ሲያንስ ሌላው ይሞላል፣ ከሠላሳ አይወጡም ከጥንት።
ይህንን ልላት፣ እሱንና እኔን እንዲህ ላስታርቅ፣
አፌን ከፍቼ
ውሸት ውሸት አለኝ።
እኔና እሱ ተደምረን የምንሞላው ሠላሳ የለም።
እኔ አምናለሁ፤ ዛሬም፣ ነገም።
«ራበኝ» አልኋት። እውነቴን ነበር።

ማታ ግን የሙታንን ስም በተራ ስጠራ
የክርስትና ስሙን ባላውቅ፣ «ያ ቆጣሪ» ብዬ አስገባሁት፣ ከሚስቱ ጋራ።
ይህን የንስሐ አባቴ አልሰሙም።
ከዚያ ያለ ወሩ፣ ያለ ጳጉሜኑ፣ ጠጠሬን አውጥቼ ቆጠርሁ፤
ያው ነው የወጣው፣ ያው።
አጠፋሁና
እንደገና ጀመርሁ።