አሥራ አምስት ሰከንድ

ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ፣ ዘጠነኛ «መ»፣
ፀሐዩ ከአናት ላይ እንደ ዳኛ ቆመ።
የአዳማ ነፋስ ነው፣ ፊሽካዬን አይሰማም፣
አቧራ ያስሮጣል፣ ደከመኝም አይልም።
ሰባ አንድ ተማሪ፣ ኳስ ግን አንዲት ናት፣
እሷም በር ላይ ያለው ሊስትሮ የሰፋት።

የሂሳቡ መምህር ገዝሙ ኮሪደር ላይ ያዘኝ፤
«ማትሪክ ላይ አይመጣም ዝላይሽ፣ እሺ በዪኝ፣
ክፍለ ጊዜሽን ስጪኝ።»
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰጥቼዋለሁ።
የዛን ቀን ግን አልሰጠሁም።
ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ሩጫ አላዘዝኩም፣ ምድሩ እንደ ምጣድ ግሏል።
«ቁጭ በሉ» አልኳቸው ከግራሩ ጥላ ሥር፣
«ዛሬ የምንማረው የልብን አቆጣጠር።
ሁለት ጣት አንገት ላይ፣ ከመንጋጋው በታች፤
አውራ ጣት አትሆንም፣ የራሷን ትመታለች።
አሥራ አምስት ሰከንድ ቁጠሩ፣ በአራት አባዙ።»
(ይኸው ሂሳብ ገባ፣ ለገዝሙ መልእክት ያዙ።)

ፊሽካ።
ሰባ አንድ ልጅ ዝም ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?
ከአጥሩ ማዶ አንድ ባጃጅ አለፈ።
ነጫጮቹ ክንፎች ከኮረብታው ጫፍ ሲዞሩ፣
ልጆቼ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ሲቆጥሩ፣
ማንም በማንም አልሳቀም።
ሁሉም የራሱን በር አንኳኳ፣
ሁሉም ከውስጥ «አቤት» ተባለ።

«ሰባ ስድስት!» «ሰማንያ!» «የኔ ሰማንያ አራት!»
ሮቤራ ብቻ ነው አንገቱን የደፋት፤
«ቲቸር፣ ሃምሳ ሁለት… ልሞት ነው እንዴ?»
ሳቁ ግራሩን አራገፈው።
ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ጆንያ ተሸክሞ
ክፍል የሚተኛ ልጅ ነው።
«አትሞትም» አልኩት፣ «ይሄ የሯጭ ልብ ነው።»
ጀርባው ቀና ሲል አየሁ።

ከዚያ ሲፈን። ተራ ቁጥር ሃምሳ ሦስት።
ሁልጊዜ ዳር ላይ ናት፣ ሁልጊዜ ምክንያት አላት፤
አንድ ቀን ራሷን፣ አንድ ቀን እግሯን አሟት።
ባለፈው ሴሚስተር፣ በቀይ እስክሪብቶ፣
ከአሥር ሦስቱን ብቻ እጄ ቆንጥሮ ሰጥቶ፣
«ሰነፍ» ብዬ ጻፍኩባት።

«ሠላሳ አንድ» አለች። «ገና ሳይባዛ።»
ተሳስተሻል ብዬ፣ በራሴ ሁለት ጣት፣
መልሼ ቆጠርኩት። ሠላሳ ሁለት።
ጥላ ሥር ተቀምጣ፣ ጫማዋን አቧራ ሳይነካው፣
መቶ ሃያ ስምንት።
ማንም ሳያሰልፋት፣ ፊሽካም ሳይነፋላት፣
ቀንም ሌትም ስትሮጥ፣ እኔ ነኝ ሰነፍ ያልኳት።

በባጃጅ ሄድን። እናቷን ከጉልቷ አስነሣን።
ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አሳርፎ
ረጅም ጊዜ ቆየ፣ የቤት ዕቃ ሲነሣ
ከግድግዳ ማዶ እንደሚሰማ ሰው።
«በልጅነቷ ጉሮሮዋን ታማ ነበር?»
እናቷ ሽንኩርት የሸተተ እጇን አየችው፤
«ማን ያልታመመ አለ?» አለች።
ልብም በር አለው አሉን። የሷ አንዱ በር
ገርበብ ብሎ ቀርቷል፣ አይገጥምም።

ማታ ሮስተሩን ከፈትኩ።
ላጲስ ቀይ አያጠፋም።
ሦስት ቁጥርን ስምንት ማድረግ ቀላል ነው፣
በግራ በኩል ሁለት ቅስት ብቻ።
ያቺን ቃል ግን በየት በኩል ልዝጋት?

አሁን በየወሩ መርፌ አላት፤
ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ወንበር እናወጣላታለን፣
ከግራሩ ሥር፣ ሰዓቱን ይዛ፣ ፊሽካዬን አንገቷ ላይ።
ሮቤራ በአጠገቧ ባለፈ ቁጥር
ዙሩን ትነግረዋለች፣
እሱም እንዳልደከመው ለመምሰል አፉን ይዘጋል።

ባለፈው ሳምንት ገዝሙ እንደገና መጣ፤
«ፈተናው እኮ…» ብሎ ሳይጨርስ ተነፋ።
ቀስ አድርጋ ነው፣ ትንፋሿን ቆጥባ።
ነፋሱ ግን ተቀበላት፣
ከአቧራው ጋር አዙሮ
እስከ ዋናው በር፣ እስከ ሊስትሮው ድረስ ወሰደላት።