ሁለት ሰከንድ

እኔ የምድር ቤት ሰው ነኝ፣ የውሃው ዓምድ ጠባቂ፣
አየር በመርፌ ቀዳዳ ከሥሩ አፍላቂ፤
ሁለት ሜትር ብርጭቆ፣ ፓምፕ፣ ካሜራ፣ መብራት፣
የጎማ ቱቦና የማያልቅ እርጥበት።

ሂልትየ ከላይ ናት፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
መስኮቷ የዴልፍትን ቦይ እንጂ የእኔን ውሃ አያይ።
የመጣች ቀን ግን ወደ ታች ወረደች፣
ኩሬዬን ረግጣ በዝምታ ቆመች።
አየሩን ጨመርኩላት። አንድ አረፋ፣ ሁለት፣ አሥር፣
ከዚያ ሺህ፤ ከዚያ ነጭ፣ እንደ ወተት፣ እንደ ኖራ አጥር።

«ውስጡስ?» ብላ ጠየቀች።
ከዳር ያሉትን እንጂ፣ መሀል ያሉትን፣
በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን አይቻቸው እንደማላውቅ
ነገርኳት። አልሳቀች።
ደረጃው ላይ ስትደርስ «እኔ አያቸዋለሁ» አለች።

ከዚያ አራት ዓመት፤
በቀመር የታነጸ ሳጥን፣ ጣሪያም ወለልም የሌለበት፣
በላይ የወጣ አረፋ በሥር ተመልሶ የሚገባበት፣
ከአየር ደርሶ «ጧ» ብሎ የማይፈነዳበት።
አረፋ ይባላል እንጂ፣ እዚያ መቼ አረፈ?
ሲወጣ፣ ሲወጣ፣ የእሷ ክረምት አለፈ።

ጭንቋ መዋሐድ ነበር።
ውሃውን በትንንሽ የዳማ ቤት ከፋፍላ፣
በየቤቱ ስንት አየር፣ ስንት ውሃ፣ ብላ
ማሽኑን ስታስቆጥር፣ ሁለት አረፋዎች ሲጠጋጉ፣
በአንድ ቤት ሲገናኙ፣ አንድ ይሆናሉ ሳይፈልጉ።

በእኔ ዓምድ ግን እንዲህ አይደለም። ይጋጫሉ፣ ይገፋፋሉ፣
ጉንጭ ለጉንጭ ተነካክተው ደግሞ ይለያያሉ፤
መሀላቸው ከፀጉር የቀጠነ የውሃ ገለፈት አለ፣
እሱ እስኪቀደድ ድረስ ሁለቱም ሁለት ናቸው።
ማሽኑ ያን ገለፈት አያይም። ከዳማው ቤት ያነሰ
ለማሽን የለም ማለት ነው፤ እንዳልነበር ፈረሰ።
ጠዋት መጥታ ስትከፍተው፣ ማታ መቶ የነበሩት
ሰባት ዝሆኖች ሆነው ሳጥኑን ሞልተውት።

በሦስተኛው ዓመት፣ የካቲት ላይ፣ ቦዩ በረዶ ሠራ።
አባቷ ዶውወ ከፍሪስላንድ መጣ፣ የበረዶ መርማሪ፣
በብረት ዘንጉ መትቶ፣
«ይሸከማል»፣ «አይሸከምም» ባይ፣ ድምፁን ብቻ ሰምቶ።
«እዚህ አትርገጪ፣ ዙሪ» አላት። «አረፋ አለው ከሥር።»
ከጭቃው የወጡ፣ አንዱ ባንዱ ላይ፣ እንደ ሳህን ክምር፣
ሳይዋሐዱ ደርቀው፤ በየመሀላቸው ቀጭን መስመር።
ስኬቴን ሳስር አየኋት፤ ጓንቷን አውልቃ፣ ተንበርክካ፣
ትቆጥራለች። አባቷ ይጮኻል። ትቆጥራለች።

ሰኞ ለእያንዳንዱ የራሱን ስም ሰጠች፤
ለመቶ አረፋ መቶ መዝገብ ከፈተች፤
በአንድ ቤት ቢገናኙም፣ የዚህ ይህን ያህል፣ የዚያ ያን ያህል፣ እያለች።
ማሽኑ ቀስ አለ። በጣም ቀስ አለ።
ፕሮፌሰር ኦስቲንክ በበሯ ሲያልፍ «ለጡረታዬ ይደርሳል?» እያለ።
ጠዋት ግን መቶዎቹ መቶ ናቸው።
ደወለች፣ «ና» አለችኝ። ወጣሁ። አየኋቸው።

መሀል ያሉትን።
ብቻውን ሲሆን የሚፈጥነው፣ በብዙ መሀል እያዘገመ፣
አንዱ የገፋውን ውሃ ሌላው በግንባሩ እየተሸከመ፤
ልክ የሐሙስ ገበያ፣ አደባባዩ ላይ፣ ብስክሌት እየገፉ።
ዓይኔን ጠረግኩ።
ከምድር ቤት ይዤው የመጣሁት እርጥበት ነው አልኳት።

የመመረቂያዋ ዕለት ጅራታም ኮት ተከራይቼ፣ እንደ ሚዜ አጅቤ
በቀኟ ቆምኩ፤ ከእሷ ይብስ ይመታል ልቤ።
ባለ ጥቁር ካባው የመጨረሻ ጠያቂ መነጽሩን አወለቀ፤
«የአራት ዓመት ስሌት፣ በውሃው ሰዓት ስንት ነው?»
«ሁለት ሰከንድ» አለች። አዳራሹ ሳቀ።
«ሁለት ሰከንድ እኮ...» ብላ ስትጀምር በሩ ተከፈተ፤
ባለ በትሩ ገባ፣ ቃጭሉን ወለሉ ላይ መታ፣
«ሰዓቱ ደረሰ» አለ በላቲን።
ሕግ ነው። ዓረፍተ ነገሯ ሳያርፍ ቀረ።

ማታ ወደ ታች ወረድኩ። ኮቱን ሳላወልቅ አየሩን ከፈትኩ፣
አንድ አልኩ፣ ሁለት አልኩ፤
ነጩ ውሃ ከጉልበቴ ደርሶ ነበር።
እስከዚያ ድረስ ይታወቃል።
ከጉልበቴ በላይ ገና ነው።