የቆጡና የብብቱ

ፍራንኮ መንገድ ዳር፣ ከጫማ ሰፊው ጎን፣
ልብስ አድሳለሁ እኔ፣ ክረምትና በጋውን።
ኪስ ሲቀደድ ለእኔ፣ ዚፕ ሲሰበር ለእኔ፣
የሸሚዝ ምስጢር የሚያውቀው ዓይኔ።
እዚህ ብብቱ ስር፣ እጅጌው ከደረት ከሚገናኝበት፣
አያለሁ ቢጫ ቀለበት፣
የሻይ ፍሳሽ መሳይ፣ እንደ አሮጌ ጽሑፍ፣
በሳሙና የማይለቅ፣ ቢያሹት የሚጠነክር እንደ ግፍ።
የባንክ ሠራተኛው፣ የሆቴል አስተናጋጅ፣
የመንጃ ፈቃዱ ፈታኝ፣ የሰርጉ ሚዜ፣ የሟች ወዳጅ፣
ሁሉም ያው ማኅተም አለበት፤ ያለ ቀጠሮ፣ ያለ አዋጅ።
ላብ መስሎኝ ነበረ። ላብማ ጨው ነው፣ ይታጠባል፣ ይሄዳል፤
ይኼ ግን ይቀራል፤ ጨርቁን እንደ ካርቶን ያደርቃል።

ግንቦት ነው። የአዳማ አስፋልት ይለጠፋል ከጫማ፤
ነፋሱ ራሱ ትኩስ ነው፣ አቧራ የጠጣ፣ የተጠማ።
ከኮረብታው ላይ እነዚያ ነጫጭ ባለ ሦስት ክንዶች
ቀኑን ሙሉ እጅ ያነሳሉ፤ ላብ የማያውቁ ጉዶች።

ልጄ ቢፍቱ ዐሥራ አምስት ሞላት፤
ሰባ ልጅ በሚታጨቅበት ክፍል አንዱ አፍንጫውን ያዘባት።
አልነገረችኝም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እጇን አታነሳም፣
መምህሩ ሲጠይቅ መልሱን ብታውቅም፤ ያቺን አፍንጫ አትረሳም።
ከሱቅ ጠርሙስ ገዛች፣ ኳስ ያላት፣ የምትንከባለል፣
ጀርባዋ ላይ በሚጢጢ ፊደል የታጨቀ ብዙ ቃል።
ቁልፍ የምሰፋበትን መነጽር አደረግሁና
አነበብኩት፣ እንደ ስፌት እየተረተርኩ፣ በጥሞና።
"አሉሚኒየም" ይላል። እኔ የማውቀው ድስቴን ነው፣
ክዳኑ የጎበጠውን፤ ከልጄ ብብት ምን ሊሠራ መጣ ይኼው?
"ፓራቤን" ይላል ቀጥሎ፤ ይኼንንስ በምን ልወቀው?
"ሽቶ" ይላል መጨረሻው። የማን ሽቶ? ምን ያለበት? ዝም ነው።

ደንበኛዬ ወይዘሮ አመለወርቅ ጉርዷን ልትወስድ መጥታ
"ጡት ይነካል አሉ" አለችኝ፣ በሹክሹክታ።
"ማን አለ?" "ሰው አለ።" "የትኛው ሰው?" "እሱንስ አልሰማሁም።"
ሌሊቱን አልተኛሁም።

ማልጄ ገበያ ወረድኩ፣ ኸይሪያ ዘንድ፣ ከቅመሙ መደብ ፊት፤
ነጭ ድንጋይ ሰጠችኝ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ሸብ የሚሉት።
"የእናት የአያት ነው" አለች፣ "ከምድር የተቆፈረ፤
ውኃ አስነክቶ መቀባት ነው፣ ፋብሪካ እጁን ያላኖረ።"
ጠርሙሷን ጥዬ ድንጋዩን ለልጄ ሰጠኋት፣ በኩራት፤
ቢፍቱ አገላብጣ አየችው፤ የኬሚስትሪ ደብተሯን ገለጠች፤ ሳቅ አመለጣት።
"እማዬ፣ ሸብም እኮ ያው አሉሚኒየም ነው፣ ሌላ ልብስ ለብሶ፣
ከፖታሲየምና ከሰልፈር ጋር ጎጆ ቀልሶ።"

"የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" ሲሉ ስንት ዘመን ሰምቼ፣
ለካ ብብት ማለት ብብት ነው! ዛሬ ገባኝ፣ አርጅቼ።

ሎሚ ሞከርን፤ በተላጨ ቆዳ ላይ እሳት ሆኖ አስለቀሳት።
የዳቦ ሶዳ ሞከርን፤ በሦስተኛው ቀን ቀላ፣ አሳከካት።
"ተፈጥሮ ነው" የተባለ ሁሉ ይምራል ያለው ማነው?
እባብም ተፈጥሮ ነው፤ ቁልቋልም ያው ነው።

መድኃኒት ቤት ወንድይራድን ጠየቅሁት፤ ቀና ብሎ አየኝና፦
"ካንሰር ያሉት አልተረጋገጠም፤ ተጠንቷል፣ ይጠናልም ገና።
የቆሰለ ቆዳ ላይ አትቀባ። ሽቶ ካሳከካት፣ ሽታ የሌለውን ትያዝ።
ላብ ደግሞ በሽታ አይደለም፤ በአዳማ ግንቦት ያላላበው ነው የሚያስተክዝ።"

ተመለስኩ ወደ መኪናዬ። የማውቀውን ሠራሁ፣ የእጄን፤
ከነጭ ጥጥ ሁለት ግማሽ ጨረቃ ቀደድኩ፣ ለክቼ ልጄን፤
በሸሚዟ ብብት ውስጥ በቁልፍ ያዝኳቸው፣ የሚወልቁ፣
ማታ ታጥበው ጠዋት የሚደርቁ።
ሌላ ጠርሙስ ግን ገዝታለች፤ አየሁባት ከቦርሳዋ፤
አሉሚኒየም የለበትም፤ አንብባዋለች፣ በመነጽሬ፣ ለብቻዋ።
ዋጋው አስደነገጠኝ። ዝም አልኩ።

ትናንት መምህሯ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ
"ልጅሽ እጅ ማንሳት ጀመረች" አለኝ፣ ልኬቱን ሰጥቶ።
ሳቄን ዋጥኩ፣ ስፒሉ ከአፌ እንዳይወድቅ።
የሸሚዙን ብብት ሰርቄ አየሁ፤ ቢጫ ነው፣ በሳሙና የማይለቅ።