አዲሱ ሥርዓት

ከፖስታ ቤት ሽቅብ፣ ቸርችል ዳገቱ ላይ፣
ጠባብ ክፍል አለችን፣ ከጫማ አዳሹ በላይ፤
"ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ማመልከቻ ይጻፋል"
ይላል ታፔላችን፤ ከ"ይጻፋል" ግን "ል" ረግፏል።

ሁለት ኮምፒዩተር አለን፣ ባንድ ቀን የተገዙ፣
እስከ ትናንት ድረስ እኩል የሚታዘዙ።
ማታ ግን ኢብሳ መጥቶ፣ በበሩ ጥግ ያለውን
አጥቦ አዲስ ሥርዓት ጫነ፣ ሳይነካ የውስጠኛውን።

ጋሽ ሽመክት ጠዋት ገብተው ሲያዩት ማልደው፣
መነጽር ሁለቴ ጠረጉ፤ ጮኹ ኢብሳን ጠርተው፦
"መነሻው ቁልፍ ከግራ፣ ከኖረበት ተነሥቶ
መሃል ምን ይሠራል፣ እንደ ሙሽራ ተጎልቶ?
አስር ዓመት ሙሉ እጄ ሳያይ የሚሄድበትን፣
ማን ፈቅዶለት ነው ያዛወረው ቤቱን?"

ኢብሳ ሳቀ። "ጋሼ፣ ዓይን ይለምዳል፤
ያሮጌው በሽታ በጉንፋን ክኒን መቼ ይድናል?
ቫይረስ እንደ ትኋን የሠፈረበት ነው፤
ሠሪዎቹም ጥለውታል፤ እኛ ብቻ ነን ሙጥኝ ያልነው።"

ፈቲያ ጥግ ላይ ሆና፣ ጉርድ ፎቶ እየቆረጠች፣
"መልኩ ያምራል፣ አንጀቱ ግን አይታወቅም" አለች፤
"በስድስት ደቂቃ ይወጣ የነበረ ሰነድ
ዛሬ አርባ ፈጀብኝ፤ ክቧ ስትዞር፣ እኔ ስናደድ።"

እኔ? እኔ ጸሐፊ ነኝ። ፊደሉ ካልጠፋኝ፣
ወንበሬ ካልተነቃነቀ፣ ብዙም አይከፋኝ።
ግን ወገን መያዝ ደስ ይላል፣ ገበያ በቀዘቀዘ ሰዓት፤
"አሮጌው ሥርዓት ይሻላል!" አልኩኝ በድፍረት።

በመስኮት ያልፍ የነበረ አንድ ባለ ክራባት ሰው
ቆም አለ፤ ግራ ቀኝ አየ፤ ድምፁንም ቀነሰው፦
"ልጆች፣ ተዉ እንጂ፤ በር ዘግታችሁ አውሩ።"
ሳናስረዳው ሄደ፣ እየፈጠነ እግሩ።

ወይዘሮ ዓይናዲስ ነበሩ በርጩማው ላይ የተቀመጡት፣
ፋይል በፌስታል ይዘው፣ ነገራችንን ያዳመጡት።
ይግባኛቸው እስከ አስር ሰዓት ልደታ ካልገባ
ቀኑ ያልፋል፤ የቤቱም ነገር ገደል ገባ።

"ሥርዓት ስትሉ ሰምቼ" አሉ፣ "እኔም ልናገር ብዬ፤
ሦስቱን አሳልፌያለሁ፣ በዚችው ቤት፣ በዚሁ ጉዳዬ።
ሁሉም ሲገባ መስኮቱ ሰፋ ያለ ይመስላል፤
ቀርቤ ሳንኳኳ ግን፣ 'ትንሽ ይጠብቁ' ይላል።"

ያኔውኑ፣ እንደ ምስክር፣ አዲሱ ጠቆረ፤
ቀጥሎ ሰማያዊ ሆኖ አንድ ጽሑፍ ብቻ ቀረ፦
"በመዘመን ላይ ነው። እባክዎ ይጠብቁ። አያጥፉት።"
ሠላሳ አራት በመቶ።
ሁላችንም ዝም አልን፤ እርሳቸው ብቻ ሳቁበት።

በአሮጌው ጻፍኩላቸው፤ እጄ መንገዱን ያውቃል።
ማተሚያው ግን ከአዲሱ ጋር ነው፤ ያለሱ ማን ያትማል?
ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ መቶው ሞልቶ ሲነሣ፣
ወረቀቱ ወጣ ትኩስ፣ ስማቸውን ግን ረሳ፤
ርእሱን ያስጌጥኩበትን አሮጌ የፊደል ቅርጽ
አዲሱ አያውቀውምና፣
በስማቸው ቦታ አምስት ባዶ ሳጥን።

"አየህ?" አሉ ጋሽ ሽመክት።
"የፊደሉ ጥፋት ነው!" አለ ኢብሳ፤
እንደገና ተያያዙ።

ወይዘሮዋ እስክሪብቶ ጠየቁኝ።
ጠረጴዛዬ ላይ አጎነበሱ፤
በያንዳንዷ ሳጥን፣ በትንሿ መስኮት፣
አንዳንድ ፊደል አስገቡ፣ ቀስ ብለው፣
ጠርዙን ሳይነኩ፦
ዓ፣ ይ፣ ና፣ ዲ፣ ስ።

"ሦስት ገጽ፣ ሠላሳ ብር" አልኩ። ቆጥረው ሰጡኝ።
ከኋላዬ ስለ ቁልፉ ገና አልተስማሙም ነበር።
እኔ ግን በግድግዳው መስኮት፣ አቧራ ባለበሰው፣
ዳገቱን ሲወርዱ አየኋቸው፣ ወደ ታክሲው፣
ፌስታላቸውን ከነፋሱ በብብታቸው ሸጉጠው።