ያልወለደች አዋላጅ

ሣሩን በግና ነፋስ እኩል የሚግጡት፣
ከስኮትላንድ ማዶ ዛፍ የማያውቅ ደሴት፣
ዩስት ነው የሚሉት።
እዚያ፣ በማዕበል ማግስት፣ ከባሕር አረም ሥር፣
የአያቴ እናት አገኘች አንዲት ጥቁር ዘር፤
የበግ ዓይን የምታህል፣ እንደ ጠጠር ጠጣር፣
ፊቷ ላይ መስቀል አለ፣ ማንም ያልቀረፀው፣
ጀርባዋ ላይ እትብት፣ ሐረጓ የበጠሰው።

ከሩቅ ጫካ ነው አሉ፤ ጎርፍ ለወንዝ ድሯት፣
ወንዙም በወሩ ፈቶ ለውቅያኖስ ሰጥቷት፣
ዓመት ሙሉ ተንሳፋ፣ ዓሣ ሳይውጣት፣ ጨው ሳይበላት፤
"የማርያም ፍሬ" ብለው ሴቶቹ ስም አወጡላት።

አያቴ ኦይሪክ አዋላጅ ነበረች።
ምጥ በጠናባት ሴት መዳፍ ፍሬዋን ታኖራለች፤
"ጨብጫት" ትላለች፣ "ይቺ ባሕር አቋርጣለች፤
የአንቺ የአንድ ሌሊት ነው።"
ስንቷ ጥፍሯን ተከለችባት፣ ስንቷ በላብ አጠበቻት፣
አንዲት ጠብታ ወደ ውስጥ ሳትገባባት።

ኋላ ሄሊኮፕተር መጣ። ምጥ በሰማይ ሄደ።
ፍሬዋንም መሳቢያ ከአዝራር ጋር ወሰደ።

መምህሬ ሚስ ማክአስኪል አንድ ቀን እንዲህ አለች፦
"የደረቀ ዘር አልሞተም፤ በሩን ዘግቶ ነው የተኛ፤
ሁለት ቅጠል አለ ውስጡ፣ እንደ ደብዳቤ የታጠፈ፣
በእጥፋቱ መሀል አየር፣ ለመንሳፈፊያ የተረፈ።
ውኃ ያንኳኳል፤ ቅርፊቱ ነው የማያሰማው።"

እኔ ዐሥራ አንድ ዓመቴ። ያን ማታ አልተኛሁም።
ከአባቴ የጀልባ ዕቃ ሞረድ ስሰርቅ አልፈራሁም፤
እትብቷን ሳልነካ ጎኗን ፈገፈግኳት፣
ነጭ እስኪታይ። ለብ ባለ ውኃ ነከርኳት።
ንጋት ላይ እጥፍ ሆና አብጣ አገኘኋት፤
በጃም ጣሳ፣ በጥቁር አፈር፣ ቀበርኳት ልበል? ተከልኳት።

መጀመሪያ የወጣው ሥር ነው፤ ነጭ፣ ዓይነ ስውር፣
ወደ ላይ ብገለብጠው ዞሮ የሚሄድ ወደ ምድር።
ቀጥሎ አንገት ጎበጠ፤ አማጠ፣ ዐረፈ፣ አማጠ፣
ሁለቱን ቅጠል ይዞ ከቅርፊቱ አመለጠ።
ሐረጉም ዛፍ ፈለገ። ዛፍ የት አለና እዚህ?
የመጋረጃውን ገመድ ያዘ።

አያቴ ገባች።
ባዶውን ቅርፊት አየች፣ መስቀሉ ለሁለት የተከፈለ፤
ሞረዱን አየች፣ እኔን አየች፤ ልቤ እንደ ጀልባ ዋለለ።
የእናቷን ቅርስ ነው በሞረድ ያፈረስኩት።

ዝም አለች።
ከዚያ እንደ ድሮዋ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣
ወደ ጣሳው ጎንበስ ብላ፣ ለቡቃያዋ፣
"እንኳን ማርያም ማረችሽ" አለች፤
ድንቿን ልትቆፍር ወጣች።